የየቤቱ ሐኪም፡ ያለ ምርመራ መድኃኒት የመውሰድ ልማዳችን

(በሬዲዮ ከቀረበ ዝግጅት ለመጽሔት የተዘጋጀ)

  

ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ በሚንበር ላይ ብዙ ጊዜ አይነሳም። በየቤታችን ግን አለ። ከፍሪጅ አናት ላይ ወይም ከአልጋ ራስጌ መሳቢያ ውስጥ በፌስታል የታሰረ የተረፈ ክኒን፣ በትንሽ ጠርሙስ የተቀመጠ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ በጨርቅ የተቋጠረ ደረቅ ቅጠል የማይገኝበት ቤት ጥቂት ነው። ከቤተሰቡ አንዱ ሲታመም እጃችን መጀመሪያ የሚዘረጋው ወደዚያ ነው። ባለሙያዎች ይህን «ራስን በራስ ማከም» ይሉታል። እኛ ሕክምና ብለን እንኳ አንጠራውም፤ «እስኪ አንድ ነገር ላድርግለት» ነው የምንለው።

ልማዱ የአንድ ብሔረሰብ ብቻ አይደለም። ሁሉም የየራሱ አለው፤ ሁሉም ደግሞ የራሱን «የታወቀ መድኃኒት»፣ የጎረቤቱን ግን «ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር» ይለዋል። ነገሩን በቅርብ ለማየት ድሬዳዋን እንውሰድ። ከባቡር ሐዲዱ ጋር እ.ኤ.አ በ1902 የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው በአንድ ግቢ ተከራይቶ፣ ከአንድ ቧንቧ ውሃ እየቀዳ ይኖራል። ቀፊራ ገበያ ሲወርዱ የደጋው ቅጠል ከቆላው ሙጫ አጠገብ ተዘርግቶ ይሸጣል። እንዲህ ባለ ግቢ ውስጥ አንድ ሕፃን ትኩሳት ያዘው እንበል።

አማራዋ እናት «ምች መትቶት ነው» ትላለች፤ ዳማከሴ ጨምቃ ፊቱን ታሸዋለች፣ ጥቂቱን በቡና ታጠጣዋለች። ኦሮሞዋ ጎረቤት ትስማማለች፤ ቅጠሉን በቋንቋዋ የምትጠራውም «ቆሪቻ ሚቺ» ብላ ነው፣ የምች መድኃኒት ማለት ነው። ብርድ ብርድ ካለው ግን «ይኼ ቡሳ ነው» ትልና ኤቢቻ ታመጣለች፤ አማርኛ ተናጋሪው ግራዋ የሚለውን መራራ ቅጠል። ሶማሌዋ «ዱሞ» ትላለች፤ ቡሳም ዱሞም ወባ ናቸው። እሷ የምትመክረው የግመል ወተት ነው። ሐረሪዋ አሮጊት ጥቁር አዝሙድ በማር ታዘጋጃለች። ጉራጌዋ ትኩስ የቡላ ገንፎ ይዛ ትመጣለች፤ ይህኛው እንኳ ምንም ጉዳት የለውም፣ የታመመ ሰው መብላት አለበት። በመጨረሻ የግቢው ወጣት ከሥራ ሲመለስ በሁሉም ይስቅና «አሞክሳሲሊን ግዙለት፣ በዚያ ላይ ዳይክሎፌናክ» ይላል። የወጣቱን ብሔረሰብ አልጠቀስኩም። አያስፈልግም፤ በየትኛውም ቤት አለ።

ውድ አድማጮች፣ በዚህ ግቢ ማነው የተሳሳተው? ብዙዎቻችን «ቅጠሎቹ ኋላ ቀር ናቸው፣ ወጣቱ ግን ዘመናዊ ነው» እንላለን። ሁሉም ያደረጉት ግን አንድ ነገር ነው። በሽታውን ሳያውቁ ስም አወጡለት፤ ከዚያ በኋላ ላወጡት ስም መድኃኒት ፈለጉ። ከሁሉም የሚያሰጋው ደግሞ የወጣቱ ምክር ነው። ምክንያቱን ላስረዳ።

በድሬዳዋ ትኩሳት ብዙ አባት አለው። ወባ አንዱ ነው። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው የወባ ትንኝ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘችው እ.ኤ.አ በ2016 በቀብሪ ደሃር ነበር። ይህች ትንኝ እንደ ሌሎቹ ረግረግና ዝናብ አትጠብቅም፤ በከተማ፣ በሮቶና በበርሜል ውሃ ውስጥ ትራባለች። እ.ኤ.አ በ2022 የመጀመሪያ ወራት፣ ወባ በማይጠበቅበት ደረቅ ወቅት፣ በድሬዳዋ ለተነሳው ወረርሽኝ ምክንያት ሆና ተገኝታለች። ከወባ ሌላ ደንጊ የሚባል ትኩሳት አለ፤ በኢትዮጵያ በምርመራ የተረጋገጠው መጀመሪያ በዚችው ከተማ እ.ኤ.አ በ2013 ነው። እ.ኤ.አ በ2019 ደግሞ ቺኩንጉኒያ ገብቶ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን መገጣጠሚያቸውን አስሮ አስተኝቷል። ታይፎይድም አለ። ሳይፈላ በሚጠጣ ወተት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስም አለ፤ የግመል ወተት ለታመመው ሲሰጥ ካልፈላ አንዳንዴ ራሱ የትኩሳቱ ምንጭ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ ሲጀምሩ ይመሳሰላሉ፤ ሙቀት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት። ሐኪምም ቢሆን በዓይኑ አይቶ አይለያቸውም፤ ደም ይመረምራል።

አሁን ወደ ወጣቱ ምክር እንመለስ። አሞክሳሲሊን ባክቴሪያ የሚባሉትን ተሕዋስያን እንጂ ቫይረስን አይነካም። ደንጊም ቺኩንጉኒያም ቫይረስ ናቸው፤ ጉንፋንም እንዲሁ። ወባ ደግሞ ሁለቱንም አይደለም፤ ስለዚህ አሞክሳሲሊኑ ለእርሱም አይሠራም፣ በመሐል ግን ሁለት ሦስት ቀን ያልፋል። ዳይክሎፌናኩ ደግሞ የባሰ ነው። ደንጊ ደም የመርጋት ኃይልን ያዳክማል። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን በዚያ ላይ ሲጨመሩ የመድማት አደጋውን ያባብሳሉ። በደንጊ ለተጠረጠረ ሰው ለሕመሙና ለሙቀቱ የሚፈቀደው ፓራሲታሞል ነው፤ ከብዙ ፈሳሽ ጋር። ልብ በሉ፣ የደንጊ ክፉ ምልክቶች ብዙ ጊዜ የሚመጡት ትኩሳቱ ሲበርድ ነው። ቤተሰቡ «አልሐምዱሊላህ፣ ተሻለው» ብሎ ሲያርፍ፣ ብርቱ የሆድ ቁርጠት፣ የማያቋርጥ ማስመለስ፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት፣ መፍዘዝ ከታየ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

መድኃኒት ሲሻገር

ለመሆኑ አያቶቻችን በቅጠል ሲታከሙ አልኖሩም ወይ? የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይቀርብልኛል። ኖረዋል። ግን እንዴት እንደኖሩ እንይ።

ኮሶን እንውሰድ። ደገኛው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ጥሬ ሥጋ ስለሚወድ የኮሶ ትል አይለየውም ነበር። የዛፉን አበባ አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ በጥብጦ ይጠጣል። ይህ መድኃኒት በእርግጥ ትሉን ይጥላል። ነገር ግን በአገሩ ሕግ ነበረው። በባዶ ሆድ ይጠጣል፤ የጠጣው ሰው ከቤት አይወጣም፤ እርጉዝ አትጠጣም፤ ደካማና ሕፃን አይጠጣም፤ መጠኑን የምታውቅ ሴት ትሰፍረዋለች። ሕጉን የሠሩት ጉዳቱን ስላዩ ነው። ኮሶ ሲበዛ ፅንስ ያስወርዳል፣ ዓይንንም እስከማጥፋት ይጎዳል። ዛሬ ኮሶው በፌስታል ተቋጥሮ ከደጋ ወደ ከተማ ይመጣል። የሚሸጠው ነጋዴ ነው፤ የሚገዛው አገሩን የማያውቅ ጎረቤት ነው። ቅጠሉ ተሻገረ፣ ልኩ ግን አገሩ ቀረ። ለትሉ ደግሞ በጤና ጣቢያ እንደ ፕራዚኳንቴል ያለ መጠኑ የታወቀ መድኃኒት እያለ።

እንዶድም እንዲሁ ነው። ለልብስ ማጠቢያ የታወቀ ነው፤ አንዳንዱ ግን ሥሩን ለእብድ ውሻ በሽታ በጥብጦ ያጠጣል፣ ይህም መርዝ ነው። ለእብድ ውሻ ንክሻ ከቁስሉ መታጠብና ከክትባት ሌላ የሚያድን ነገር የለም፤ ምልክቱ ከታየ ወዲያ ደግሞ የሚደርስለት ሐኪም የለም። በዚሁ ተክል ላይ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ በ1964 በዓድዋ ወንዝ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው፣ የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር አሳዩ። ተክሉ ያው ነው። በአንዱ እጅ ተለክቶ ጥቅም ሰጠ፣ በሌላው እጅ ሳይለካ ይገድላል።

ይህ የልክ ነገር በዲናችንም የተነገረ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለእያንዳንዱ በሽታ መድኃኒት እንዳለው፣ መድኃኒቱ በሽታውን ሲያገኘው በአላህ ፈቃድ እንደሚድን ማስተማራቸውን ሙስሊም ዘግበውታል። «ሲያገኘው» በሚለው ላይ ኢብኑል ቀይም ዛዱል መዓድ በተባለው ኪታባቸው ሰፊ ማብራሪያ ሰጥተዋል፤ መድኃኒቱ በዓይነትም ሆነ በመጠን ከበሽታው ካለፈ ወደ ሌላ በሽታ ይወስዳል፣ ካነሰም በሽታውን አይቋቋምም ይላሉ። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ንግግር ነው፤ ዛሬ የመድኃኒት ባለሙያ በወረቀት ላይ የሚጽፍልንም ይኸው ነው።

ክኒኑም አገሩን ለቋል

ክኒንም ቢሆን እንደ ቅጠሉ አገር አለው። አገሩ ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ ወጥቶ ወደ መሳቢያችን ሲገባ ልኩን ጥሎ ነው የሚመጣው።

ለፋልሲፓረም ወባ የሚሰጠው ኮአርተም በቀን ሁለት ጊዜ ለሦስት ቀን፣ በድምሩ ስድስት ጊዜ ይወሰዳል፤ ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር። በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ይለቃል። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ያቆምና የቀረውን «ለሌላ ጊዜ» ያስቀምጠዋል። ሌላ ጊዜ ሲመጣ የሚታመመው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ግማሹ መድኃኒት ለእርሱ ይሰጠዋል። ሁለቱም ግማሽ ታከሙ ማለት ነው። በግማሽ መጠን ያልሞተው ተሕዋስ ደግሞ መድኃኒቱን ይለምደዋል። የድሮ ሰዎች ክሎሮኪን ለማንኛውም ወባ ሲሠራ ያስታውሳሉ። ተሕዋሱ ስለለመደው በ1990ዎቹ መጨረሻ በፋንሲዳር ተተካ፤ እሱም ስላልቆየ እ.ኤ.አ በ2004 ኮአርተም ገባ። ይህኛውም ከተለመደ ተራው የማን እንደሆነ አስቡት። ፔኒሲሊንን ያገኙት አሌክሳንደር ፍሌሚንግ የኖቤል ሽልማታቸውን በተቀበሉበት ንግግር፣ እ.ኤ.አ በ1945፣ ሰዎች መድኃኒቱን ከሱቅ ገዝተው አሳንሰው በመውሰድ ተሕዋሱን እንዳያለማምዱት አስጠንቅቀው ነበር። ዛሬ በየሰፈሩ የምናየው ይኸው ነው። ካፕሱሉን ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስም ከዚያው ወገን ነው። ቴትራሳይክሊን ለእርጉዝ ወይም ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ተሰጥቶ የልጁ ጥርስ ለዘለቄታው የጠየመባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም።

ከዐረብ አገር የሚላከው ሻንጣም አንድ ቃል ይገባዋል። እህቶቻችን ከሳዑዲና ከዱባይ ለወላጆቻቸው በፍቅር ፓናዶል ይልካሉ፤ ጀዛከላህ ኸይር። ነገር ግን ፓናዶልና የእኛ አገር ፓራሲታሞል ስማቸው እንጂ መድኃኒቱ አንድ ነው። አባት ለራሱ ምታት ፓናዶል፣ ለወገቡ ፓራሲታሞል፣ ለጉንፋኑ ደግሞ በውስጡ ፓራሲታሞል ያለበት ሌላ ክኒን ሲወስዱ ሦስት መድኃኒት የወሰዱ ይመስላቸዋል፤ አንዱን ሦስት ጊዜ ነው የወሰዱት። ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙን ከ8 ፍሬ ማለፍ ጉበትን ይጎዳል።

ስለ ጥቁር አዝሙድና ስለ መተኮስ

እዚህ ላይ ቅር የሚላችሁ እንዳትኖሩ አደራ። ጥቁር አዝሙድ ከሞት በስተቀር ለበሽታ ሁሉ ፈውስ እንደሆነ የሚናገረው ሐዲስ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሶሒሕ ነው፤ እናምንበታለን። ዑለማእ ግን፣ ከነሱም አልኸጣቢ፣ ንግግሩ በአጠቃላይ ቃል ቢመጣም የሚመለከተው ለተወሰኑ በሽታዎች ነው ብለው አብራርተዋል። ሐዲሱን የሚያምን ሰው የኢንሱሊን መርፌውን ይጣል ያለ ዓሊም አላውቅም። ጥቁር አዝሙድና አብሽ በደም ውስጥ ያለ ስኳርን የማውረድ ባሕርይ አላቸው። ሐረሪዎች አብሽን «ሑልበት» ብለው በመረቃቸው ውስጥ ያገቡታል፤ ምግብ ነው፣ ጤናማ ነው። የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ዘይቱንና አብሹን በየቀኑ እየጨመረ ከወሰደ ስኳሩ ከልክ በላይ ሊወርድ ይችላል። ሰውየው ላብ በላብ ሆኖ ሲንቀጠቀጥ «ጂን ነካው» ተብሎ ሩቅያ ይቀራበታል፤ የሚያስፈልገው በዚያ ቅጽበት የሚውጥ ከሆነ ስኳር ያለው መጠጥ ነው፣ ራሱን ከሳተ ደግሞ በአፉ ምንም ሳይጨመርበት ሐኪም ቤት መድረስ ነው። ቁርኣኑ በመንገድ ላይም ይቀራል።

በሶማሌና በአፋር ወንድሞቻችን ዘንድ ዓይኑ ቢጫ የሆነን ሰው በእሳት መተኮስ የቆየ ልማድ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ፈውስን ሲጠቅሱ ማርን፣ ዋግምትንና በእሳት መተኮስን አንስተው፣ ከመተኮስ ግን ኡመታቸውን መከልከላቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። የሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝን ቁስል ራሳቸው እንደተኮሱ፣ ለኡበይ ኢብኑ ከዕብም ሐኪም ልከው ደም ሥሩን ቆርጦ እንደተኮሰው ደግሞ ሙስሊም ዘግበዋል። ዑለማእ ሁለቱን ሲያስታርቁ ክልከላው አስፈላጊ ላልሆነበት ጊዜ ነው ይላሉ። የመጀመሪያው ዓይነት ለመድማት ማቆሚያ ነው፤ የእኛው ሰው ሆድ ላይ የሚተኮሰው ግን ጉበት ውስጥ ላለ በሽታ ነው፣ እሳቱ እዚያ አይደርስም፤ የሚተርፈው ቁስልና መመርቀዝ ነው። ለኡበይ የተላከው ደግሞ ጎረቤት አይደለም፤ ሐኪም ነው።

ጎረቤት ሲያክም

ሕክምና የማያውቅ ሆኖ ያከመ ሰው ለጉዳቱ ተጠያቂ እንደሆነ የሚገልጽ ሐዲስ አቡ ዳውድና ሌሎችም ዘግበዋል። ይህ ለአዋቂ ነኝ ባይ ብቻ አይደለም። «እኔን የረዳኝ ነው፣ ውሰጂው» ብላ ክኒን የምታካፍል እህት በመልካም ኒያ ነው የምታደርገው፤ ግን ሳታውቅ ሐኪም ሆናለች። የተረፈ መድኃኒት ሶደቃ አይሆንም። ሶደቃ ማድረግ የፈለገ ለታመመው የባጃጅና የካርድ ማውጫ ይክፈልለት።

ይህን ስል ድህነቱንና ሰልፉን ረስቼ አይደለም። የቀን ሠራተኛ ጤና ጣቢያ ሲውል የዚያን ቀን እንጀራውን ያጣል፤ መድኃኒት ቤቱ ደግሞ በሩ ላይ ነው፣ ሕጉ ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ አይሸጥም ቢልም ብዙው ይሸጥለታል። ነገር ግን በመንግሥት ጤና ጣቢያ የወባ ምርመራና መድኃኒት በነፃ ነው፤ ፈጣን ምርመራው ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም በ20 ደቂቃ ገደማ ያበቃል። የሳንባ ነቀርሳም ሕክምናው በነፃ ነው።

ስለ ረመዳንም ላንሳ፤ በየዓመቱ ሻዕባን ሲገባ የምጠየቀው ነው። በቀን ሦስቴ የታዘዘላቸውን መድኃኒት በኢፍጣር ሁለቱን ደርበው የሚወስዱ አሉ፤ የቀኑን ጭራሽ የሚተዉም አሉ። ሁለቱም ልኩን ማፍረስ ነው። ሐኪሙን ቀድሞ ማነጋገር ይገባል፤ ብዙ መድኃኒቶች በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ በሚወሰድ ይለወጣሉ። የማይለወጥ ከሆነ አላህ ለታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲተካ፣ የዘወትር ሕመምተኛ ከሆነም በፊድያ እንዲወጣ ፈቅዶለታል። በአንድ ጉዞ ላይ ራሱን ድንጋይ የመታው ሰው በቁስሉ ላይ ውሃ እንዲታጠብ በጓደኞቹ ተነግሮት ታጥቦ መሞቱን፣ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ያላወቁትን ባለመጠየቃቸው እጅግ መቆጣታቸውን አቡ ዳውድ ከጃቢር ዘግበዋል።

ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ ያንን ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ክኒኖቹን ጠረጴዛው ላይ አፍስሱ። ቅጠል ከወሰዳችሁም ሳታፍሩ በየቋንቋችሁ ስሙን ንገሩ፤ ግራዋ በሉት ኤቢቻ፣ ከርቤ በሉት መልመል። ብዙ ሰው «ይቆጡኛል» ብሎ ይደብቃል፤ ሐኪሙ ግን የማያውቀውን ነገር ከመድኃኒቱ ጋር ሊያመዛዝን አይችልም። የፀና ጊዜው ያለፈውን እዚያው አስረክቡ።

ያለ ሐኪም በቤታችን ማድረግ የምንችለው አንድ ነገር ደግሞ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሌሊት ዕቃ እንዲከደን አዘዋል። የድሬዳዋ የወባም የደንጊም ትንኞች የሚራቡት በግቢያችን በርሜልና ሮቶ ውስጥ ነው። በርሜሉን በደንብ ክደኑት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ባዶ አድርጋችሁ ግድግዳውን ፈትጋችሁ እጠቡት፤ እንቁላሏ ከጠርዙ ላይ ተጣብቆ ይቆያልና ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም። በግቢው ውስጥ ያሉት ቤቶች በአንድ ቀን ቢያደርጉት ይሻላል።